የረቂቅ ወረቀት በመግቢያ ፈተና ላይ

ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚፈተን ሰው አስቀድሞ ስለ ብዙ ነገር ያስባል። መታወቂያው እንዳይጠፋ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍበት፣ መንገዱ እንዳያዘገየው ይጠነቀቃል፤ ያጠናውንም መጽሐፍ እስከ መጨረሻው ሌሊት ድረስ ሲያገላብጥ ያድራል። ነገር ግን በፈተናው አዳራሽ ከፊቱ ስለሚቀመጥለት ባዶ ወረቀት የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። በዚህ ወረቀት ላይ ለሚጻፈው ነገር ነጥብ አይሰጥም፤ አራሚም አያነበውም፤ ፈተናው ሲያበቃ ተሰብስቦ ይወሰዳል። ስለዚህ ብዙዎች እንደ ተራ ነገር ይቈጥሩታል። እኛ ግን በዛሬው ጽሑፋችን ለማስረዳት የምንፈልገው፣ ይህ ነጥብ የማይሰጥበት ወረቀት አያያዙን ለሚያውቅ ብዙ ነጥብ የሚያድን፣ ለማያውቅ ደግሞ ብዙ ነጥብ የሚያስጠፋ መሆኑን ነው።

ነገሩ ለአንባቢዎቻችን ሩቅ አይደለም። ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ትምህርታቸውን በውጭ አገር ለመቀጠል የሚያስቡት ብዙዎች ናቸው። እነዚህም «ጂ.አር.ኢ.» የተባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ወይም ለንግድ ሥራ ትምህርት የሚሰጠውን «ጂማት»፣ ወይም «ቶፍል» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና እንዲያልፉ ይጠየቃሉ። ልጆቻቸውም 12ኛ ክፍልን ሲጨርሱ ብሔራዊው ፈተና ይጠብቃቸዋል። ለጂ.አር.ኢ. የሚከፈለው ገንዘብ ብቻ ከ200 የአሜሪካ ዶላር በላይ ነው፤ ይህም ለአንድ መካከለኛ ሠራተኛ ከወር ደመወዙ የሚበልጥ ነው። ያልተሳካለት ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የማመልከቻውን ዓመት ጭምር ያጣል። ስለዚህ ስለ አንድ ባዶ ወረቀት ጥቂት መነጋገር ከንቱ ድካም አይሆንም።

ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት «በኢትዮጵያ አቈጣጠር» ካላልን በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናመለክታለን።

ስለ ቃሉ ጥቂት

«ረቂቅ» የሚለውን ቃል የቢሮ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ረቂቅ ደብዳቤ፣ ረቂቅ አዋጅ፣ ረቂቅ ውል እንላለን። ቃሉ «ረቀቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ትርጉሙም ቀጭን፣ ደቃቅ፣ በዓይን ሊታይ በእጅም ሊዳሰስ የማይችል ማለት ነው፤ መንፈስ ረቂቅ ነው ይባላል። እንዲሁም ገና ያልጸደቀ፣ ሊታረምና ሊለወጥ የሚችል ጽሑፍ ረቂቅ ይባላል። በትግርኛ ለዚሁ ጕዳይ የሚነገረው «ንድፊ» የሚለው ቃል ነው፤ በአማርኛ ግን «ንድፍ» ሲባል ይልቁን የቤት ፕላን ወይም የሥዕል መነሻ ይታሰባል። ከትግርኛ ወደ አማርኛ የሚሻገር ባልደረባችን ሁለቱን እንዳያቀላቅል ይህን ማስታወሱ ይበጀዋል። ተማሪዎች ከእንግሊዝኛ ወስደው «ራፍ» ሲሉ ይሰማሉ፤ እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ «የረቂቅ ወረቀት» እያልን እንጠራዋለን።

በማናቸውም መሥሪያ ቤት አንድ ከባድ ደብዳቤ ሳይረቀቅ አይፈረምም። ጸሓፊው ያረቅቃል፣ ኀላፊው ያርማል፣ ከዚያም በንጹሕ ይገለበጣል። በረቂቁ ላይ የተሰረዘ መስመር ቢኖር የሚያፍርበት ማንም የለም፤ እንዲያውም የተሰረዘው መስመር ሥራው በጥንቃቄ የተሠራ ለመሆኑ ምስክር ነው። ይኸው ሰው ግን ለፈተና ሲቀመጥ ይህን ልማዱን ረስቶ ሁሉን ነገር በራሱ ውስጥ ሊጨርስ ይሞክራል። ለምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን፤ ከዚያ በፊት የአእምሮን አቅም እንመልከት።

አእምሮ በአንድ ጊዜ ስንት ነገር ይይዛል?

ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ በ1956 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ፣ ሰው በአንድ ጊዜ በአእምሮው ሊይዛቸው የሚችላቸው ነገሮች 7 ያህል ብቻ መሆናቸውን፣ እነርሱም ቢበዙ በ2፣ ቢያንሱም በ2 እንደሚለያዩ ገለጠ። ኋላም በ2001 ኔልሰን ካውን የተባለ ሌላ ሊቅ ነገሩን እንደገና መርምሮ ቍጥሩን ወደ 4 ያህል አወረደው። ይህ ማለት የተማረውም ያልተማረውም፣ አዋቂውም ልጁም፣ በአንድ ቅጽበት ከጥቂት ነገሮች በላይ ይዞ ማሰላሰል አይችልም ማለት ነው። አንዱን ሲጨምር ሌላው ይወድቅበታል።

ይህን በአንድ ምሳሌ እናስረዳ። አንድ ነጋዴ በ480 ብር የገዛውን ዕቃ 25 በመቶ ጨምሮ ዋጋ አወጣለት። ገዢ ቢጠፋ ከአወጣው ዋጋ ላይ 10 በመቶ ቀንሶ ሸጠው። ያተረፈው ስንት ብር ነው? በራሱ ውስጥ የሚያሰላ ችኩል ሰው ከ25 ላይ 10 ይቀንስና 15 በመቶ ይላል፤ የ480ን 15 በመቶ አውጥቶም 72 ብር ብሎ ይመልሳል። ፈታኙም ሰው በዚህ መንገድ እንደሚሳሳት ስለሚያውቅ 72ን ከምርጫዎቹ መካከል አስቀድሞ አኑሮለታል። ወረቀት የያዘው ግን ሦስት አጫጭር መስመሮች ይጽፋል፤ መግዣ 480፤ የወጣ ዋጋ 600፤ መሸጫ 540። ትርፉም 60 ብር መሆኑ ከፊቱ ተጽፎ ይታየዋል። ሁለቱ ሰዎች በዕውቀት አይበላለጡም፤ የተለያዩት አንዱ 600ን በወረቀት ላይ በማስቀመጡ፣ ሌላው ግን በአእምሮው ውስጥ ቦታ አጥቶለት በመዝለሉ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠይቀን የሚችል ነገር አለ። የቅኔ ተማሪ ቀለምና ብራና ሳይዝ፣ ከሰው ተለይቶ ተቀምጦ ቅኔውን በልቡ ይቈጥር፣ ለመምህሩም በቃሉ ይነግር የለምን? አዎን፤ ይህ የአገራችን ትልቅ ጥበብ ነው፤ ሊደነቅም የሚገባው ነው። ነገር ግን የቅኔ ተማሪ ለአንድ ቅኔ ረዘም ያለ ጊዜ አለው፤ የቅኔውም ልክና ቤት መምቻው ቃሉን እንደ ገመድ ያስሩለታል። ለመግቢያ ፈተና የተቀመጠው ሰው ግን ይህ የለውም። ከመስከረም 2023 ጀምሮ በተሠራበት የጂ.አር.ኢ. አወጣጥ፣ ከሁለቱ የሒሳብ ክፍሎች አንዱ 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ ሌላው 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ለአንድ ጥያቄ የሚደርሰው 1 ደቂቃ ከ45 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቍጥሩን በልብ ለማሰር የሚያገለግል ዜማም ቤት መምቻም የለም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ከወረቀት ወደ ስክሪን

የረቂቅ ወረቀት ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ የሚያስፈልግበት አንድ ምክንያት አለ። ቀድሞ ጥያቄው ራሱ በወረቀት ላይ የታተመ ነበር። በአሜሪካ አገር «ኤስ.ኤ.ቲ.» የተባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በሰኔ 1926 ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርታት ተፈታኙ በጥያቄው ቡክሌት ላይ እያሰመረ፣ በኅዳጉ ላይ እያሰላ፣ የማይሆነውን ምርጫ በእርሳሱ እየሰረዘ ይሠራ ነበር። ኋላ ግን ፈተናዎቹ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒዩተር ተዛወሩ። ጂ.አር.ኢ. በ1990ዎቹ ዓመታት ቀደመ፤ የሕግ ትምህርት ቤቶች መግቢያ የሆነው «ኤልሳት» በ2019 ተከተለ፤ ኤስ.ኤ.ቲ. ከአሜሪካ ውጭ ላሉት ከመጋቢት 2023፣ በአሜሪካ ላሉት ደግሞ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በኮምፒዩተር ሆነ። በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሲሰጥ ከተፈታኞቹ ከፊሎቹ በኮምፒዩተር ተፈትነዋል።

ጥያቄው ከወረቀት ወደ ስክሪን ሲዛወር እጅ የነበረውን ቦታ አጣ። በስክሪን ላይ ባለው የሦስት ማዕዘን ሥዕል ጐን የማዕዘኑን ልክ በእርሳስ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ተፈታኙ የሚያስፈልገውን ከስክሪኑ ወደ ረቂቁ ወረቀት መገልበጥ አለበት፤ በመገልበጥ ጊዜም አዲስ አደጋ ይመጣል። 6ን 0 አድርጎ ይገለብጣል፤ የመቀነስ ምልክቷን ይዘላል፤ «ያነሰ» የሚለውን «የበለጠ» ብሎ ይወስዳል። ስሌቱ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን መልሱ ስሕተት ነው። ከዚህም በላይ ዓይን ከስክሪን ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ስክሪን ሲመላለስ ጊዜ ይባክናል። ይህን ችግር የሚያስወግደው ወረቀቱን መተው ሳይሆን፣ ጥቂት ብቻ መገልበጥና የገለበጡትን ወዲያው ከስክሪኑ ጋር አንድ ጊዜ ማስተያየት ነው። የቢሮ ጸሓፊ ቍጥር ያለበትን ደብዳቤ ከገለበጠ በኋላ ከዋናው ጋር እንደሚያመሳክር ማለት ነው።

ስለ ደንቡ

የረቂቅ ወረቀት እንደ ልብ የሚያደርጉት አይደለም፤ ደንብ አለው። በጂ.አር.ኢ. የፈተና ማዕከል ወረቀቱን የሚሰጠው ማዕከሉ ራሱ ነው፤ የራሱን ወረቀት ይዞ የሚመጣ አይፈቀድለትም። የተሰጠው ካለቀ እጁን አንሥቶ ተጨማሪ ለመጠየቅ ይችላል። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት አንዳች ነገር መጻፍ ክልክል ነው፤ በቃሉ የያዘውን የሒሳብ ቀመር አስቀድሞ ልገልብጥ የሚል ሰው ደንብ እንደ ጣሰ ይቈጠርበታል። ሲወጣም ወረቀቱን ሁሉ አስረክቦ ይወጣል። በጂማት ማዕከሎች ደግሞ በወረቀት ፈንታ በፕላስቲክ የተለበጠ መጻፊያና ማርከር ይሰጣል።

በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት የፈተና ማዕከሎች በተዘጉ ጊዜ ጂ.አር.ኢ.ንና ቶፍልን በቤት ተቀምጦ መፈተን ተጀመረ። በዚህ ጊዜ ደንቡ የባሰ ጠበቀ። በቤቱ የሚፈተን ሰው በተራ ወረቀት ላይ እንዲጽፍ አልተፈቀደም፤ የተፈቀደለት አንዲት ትንሽ ነጭ ሰሌዳ፣ ወይም ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ኪስ ውስጥ የገባ አንድ ወረቀት፣ ከሚጠፋ ማርከር ጋር ነው። ሲጨርስም የጻፈውን ሁሉ አጥፍቶ ባዶውን ሰሌዳ በካሜራ ለተቈጣጣሪው ያሳያል። በቁርኣን ትምህርት ቤት ያደጉ አንባቢዎቻችን ይህ አዲስ አይሆንባቸውም፤ በእንጨት ሎሕ ላይ ጽፎ፣ አጥንቶ፣ አጥቦ እንደገና መጻፍ የቈየ ልማድ ነውና።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ቢባል፣ ፈታኞቹ ጥያቄዎቻቸውን ከአንድ ጊዜ በላይ ስለሚሠሩባቸው ነው። አንድ ጥያቄ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ከወጣ ነገ የሚፈተነው ሰው ዛሬውኑ ያገኘዋል፤ በእውነት ያጠናውና በተንኰል ያገኘው እኩል ይሆናሉ። የጥያቄ መውጣት ምን እንደሚያስከትል የአገራችን ሰው በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር አይቶታል። በዚያ ዓመት የብሔራዊው ፈተና ጥያቄዎች አስቀድመው በማኅበራዊ መገናኛ በመሰራጨታቸው ፈተናው ተቋርጦ እንደገና በሌላ ቀን እንዲሰጥ ተደረገ። ያን ጊዜ ጥያቄው የወጣው በረቂቅ ወረቀት አልነበረም፤ ዳሩ ግን ምንም ያላጠፉት ተማሪዎች እንደገና መቀመጣቸውን ያየ ሰው፣ ወረቀት የሚሰበስበውን ተቈጣጣሪ በክፉ ዓይን አያየውም።

ደንቡ ከፈተና ወደ ፈተና፣ ከዓመት ወደ ዓመት ስለሚለያይ፣ ተፈታኙ በተመዘገበበት ቀን የወጣውን መመሪያ ራሱ ማንበብ አለበት። ከጓደኛ የሰሙት ያለፈው ዓመት ደንብ ሊሆን ይችላል።

ስለ አያያዙ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ወረቀቱን እንዴት ይይዙታል?

አንደኛ፤ ፈተናው እንደ ተጀመረ ወረቀቱን በቀጭን መስመር ከአራት ወይም ከስድስት መክፈል ነው። ይህ ዐሥር ሴኮንድ አይወስድም። በየክፍሉም የጥያቄውን ቍጥር መጻፍ ያስፈልጋል። በጂ.አር.ኢ. አንድ ሰው በዚያው ክፍል ውስጥ ወዳለፈው ጥያቄ ተመልሶ መልሱን ለመለወጥ ይችላል፤ ቍጥር የጻፈ ሰው ሲመለስ ሥራውን ካቆመበት ይቀጥላል፤ ቍጥር ያልጻፈ ግን በተደበላለቀ ስሌት ውስጥ ሲፈልግ ከሁሉ ይልቅ ያስፈለገውን ደቂቃ ያጣል።

ሁለተኛ፤ ከስሌቱ በፊት የተጠየቀውን ነገር በሁለት ቃል መጻፍ ነው። «ትርፍ፣ በብር»፤ «ዕድሜ፣ ከ5 ዓመት በኋላ»፤ «የቀሩት ሰዎች»። ብዙ ሰው ስሌቱን በትክክል ሠርቶ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። በላይኛው ምሳሌ 540ን ያገኘ ሰው ደስ ብሎት 540ን መርጦ ሊያልፍ ይችላል፤ የተጠየቀው ግን መሸጫው ሳይሆን ትርፉ ነበር።

ሦስተኛ፤ ምርጫ ያለበት ጥያቄ ሲሆን የምርጫዎቹን ፊደላት ከላይ ወደ ታች ጽፎ የማይሆነውን እየሰረዙ መሄድ ነው። ይህ በሒሳብ ብቻ ሳይሆን በንባብ ጥያቄም ይጠቅማል። አምስት ረጃጅም ምርጫዎችን በአእምሮ ይዞ ማመዛዘን ከባድ መሆኑን ከላይ ከጠቀስናቸው ሊቃውንት ተረድተናል፤ ሦስቱ በወረቀት ላይ ከተሰረዙ ግን የሚቀረው በሁለቱ መካከል መፍረድ ብቻ ነው።

አራተኛ፤ ሥዕል ያለበትን ጥያቄ በራስ እጅ ሰፋ አድርጎ መሣል፣ የተሰጡትንም ልኮች በየቦታቸው መጻፍ ነው። በጂ.አር.ኢ. የጂኦሜትሪ ሥዕሎች በትክክለኛ ልክ ተሥለዋል ብሎ መተማመን አይገባም፤ በስክሪኑ ላይ እኩል የሚመስሉ ሁለት ጐኖች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ዓይንን ሳይሆን የተጻፈውን ልክ ማመን ይሻላል።

አምስተኛ፤ መጻፍ የማያስፈልገውን አለመጻፍ ነው። በጂ.አር.ኢ. የሒሳብ ክፍል በስክሪኑ ላይ የሒሳብ ማሽን ስለሚገኝ፣ ረጅም ማባዛትና ማካፈል በወረቀት ላይ ማድረግ ጊዜ ማባከን ነው። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ለአሳቡ ቅደም ተከተል ነው። ጥያቄውን በሙሉ የሚገለብጥ ሰው አንዳች ሳይገለብጥ ከሚሠራው ሰው የተሻለ አይደለም፤ አንዱ አእምሮውን ሲያስጨንቅ ሌላው እጁን ያደክማል።

በጽሑፍ ፈተናም እንዲሁ ነው። በጂ.አር.ኢ. ለድርሰት የሚሰጠው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ ሦስቱን ወይም አራቱን ደቂቃ ለረቂቁ የሰጠ ሰው፣ አሳቡን፣ ሁለት ማስረጃውን፣ ተቃዋሚው ሊለው የሚችለውንም በአራት አጭር መስመር ካስቀመጠ፣ የቀረውን ጊዜ በጽሑፍ ላይ ያውለዋል። ይህን ያላደረገ ግን በመካከል ቆሞ ስለሚቀጥለው ሲያስብ ከአራት ደቂቃ የበለጠ ያጠፋል።

እየሰሙ ስለ መጻፍ

በቶፍል ፈተና ከ2005 በፊት ተፈታኙ ንግግሩን ሲያዳምጥ ማስታወሻ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም ነበር። በዚያ ዓመት በኢንተርኔት የሚሰጠው ቶፍል ሲጀመር ግን ማስታወሻ መያዝ ተፈቀደ። ማስታወሻው አይታረምም፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ የሚከለክል የለም። ስለዚህ «በእንግሊዝኛ ልጻፍ ወይስ በአማርኛ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ እጅህ በፈጠነበት ጻፍ።

የቢሮ ሠራተኛ በዚህ ነገር ከተማሪ ይልቅ ዕድለኛ ነው፤ ማሳጠር ልማዱ ነውና። መሥሪያ ቤት «መ/ቤት»፣ ትምህርት ቤት «ት/ቤት»፣ ጠቅላይ ሚኒስትር «ጠ/ሚ» ተብሎ ሲጻፍ በየቀኑ ያያል። እንደዚሁ ሁሉ «ም» ለምክንያት፣ «ው» ለውጤት፣ «ተ» ለተቃራኒ አሳብ፣ «ምሳ» ለምሳሌ አድርጎ የራሱን ምልክት ማውጣት ይችላል። በፊደላችን አንዲት ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለምትይዝ፣ ሁለት ፊደል ብቻ መጻፍ ብዙ ጊዜ ቃሉን ለማስታወስ ይበቃል። ዋናው ጥንቃቄ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ አለመሞከር ነው። የተናጋሪውን ቃል በሙሉ ሊጽፍ የሚጥር ሰው ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሲጽፍ ሦስተኛው ያመልጠዋል። ጆሮ ይቅደም፤ እጅ ይከተል።

በቤት ውስጥ ስለሚደረግ ዝግጅት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ የረቂቅ ወረቀት አያያዝ በፈተናው ቀን የሚጀመር ልማድ አይደለም። ተፈታኙ በየቀኑ ሲለማመድ በዚያው በፈተናው ቀን በሚያገኘው ዕቃ መለማመድ አለበት። በማዕከል የሚፈተን ከሆነ መስመር በሌለው ነጭ ወረቀትና በእርሳስ፤ በቤቱ የሚፈተን ከሆነ በነጭ ሰሌዳና በማርከር ይለማመድ። በደብተር ላይ በሰፊው ሲጽፍ የከረመ ሰው ትንሿን ሰሌዳ ሲያገኝ ግራ ይጋባል፤ የማርከሩ ጫፍ ወፍራም ነው፤ ቦታው ቶሎ ይሞላል፤ ለማጥፋት ሲቸኵል የሚያስፈልገውንም ያጠፋል። ሰሌዳ ለመግዛት የማይመቸው ሰው ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር አንድ የፕላስቲክ ኪስ ገዝቶ ነጭ ወረቀት ቢያስገባበት በጥቂት ብር ያው ዕቃ ይሆንለታል።

ቤተ ሰብም ድርሻ አለው። በቤት የሚሰጥ ፈተና የሚፈተነው ሰው በክፍሉ ውስጥ ብቻውን እንዲሆን፣ በሩም እንዲዘጋ ያስገድዳል፤ ሰው ከገባ ፈተናው ሊሰረዝበት ይችላል። በእኛ አገር ቤት ደግሞ በር ዘግቶ መቀመጥ እንደ ኵራት ይታያል፤ እንግዳ ሲመጣ ሳይነሡ መቅረትም ነውር ነው። ስለዚህ የቤቱ እመቤት ወይም አባወራው አስቀድመው ለጎረቤትና ለዘመድ መንገር፣ ሕፃናቱን ለዚያች ሁለት ሦስት ሰዓት ወደ አያታቸው ወይም ወደ አክስታቸው ቤት መላክ፣ ቡናውንም ከፈተናው በኋላ ማፍላት ይገባቸዋል። ትንሽ ልጅ «አባዬ» ብሎ በር ቢከፍት ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ ያላዘጋጁት ሰዎች ነው።

ረቂቅ ነውር አይደለም

አሁን ወደ ተውነው ጥያቄ እንመለስ። በቢሮው ያለ ረቂቅ የማይሠራ ሰው በፈተና ላይ ወረቀቱን ነጭ አድርጎ የሚተወው ለምንድን ነው? እኛ እንደሚመስለን ምክንያቱ ከልጅነት ትምህርቱ ይጀምራል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚመሰገነው ደብተሩ ንጹሕ የሆነ ልጅ ነው። ስርዝ ድልዝ ያለበት ደብተር «ቆሻሻ» ይባላል፤ መልሱን በቃሉ ወዲያው የተናገረ ልጅ ጐበዝ ሲባል፣ ጽፎ አስልቶ የደረሰበት ግን ዘገምተኛ ይባላል። ልጁም ማሰብ ማለት ሳይሳሳቱ መናገር ይመስለዋል። ካደገ በኋላም ባዶው ወረቀት ከፊቱ ሲቀመጥ፣ መጻፉን የደካማነት ምልክት አድርጎ ያያል፤ በራሱ ውስጥ ሲያሰላ 600ው ይጠፋበታል፤ 72ንም ይመርጣል።

ንጽሕና መልካም ነገር መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ንጹሕ መሆን የሚገባው የሚቀርበው ጽሑፍ ነው እንጂ የሚታሰብበት ወረቀት አይደለም። ስለዚህ መምህራን ከመልሱ ጋር የመልሱን መንገድ እንዲጠይቁ፣ ወላጆችም የልጃቸውን ደብተር ሲያዩ ከኋላ ባሉት ገጾች የተሞነጫጨረውን ስሌት አይተው እንዳይቈጡ እንመክራለን። «ይኸን ለምን ሰረዝኸው፣ ልጄ?» ብሎ በፍቅር የሚጠይቅ አባት፣ «ለምን አቆሸሽኸው?» ብሎ ከሚገሥጸው ይልቅ ልጁን ለፈተና ያዘጋጃል። ልጁ የሰረዘበትን ምክንያት መናገር ከቻለ ትምህርቱ ገብቶታል።

በመግቢያ ፈተና ውስጥ ተፈታኙ የሚነካው ነገር ሁሉ ይመዘናል፤ የመረጠው ፊደል፣ የጻፈው ድርሰት፣ የተናገረው ቃል ሁሉ ነጥብ አለው። ያለ ቅጣት ሊሳሳት፣ ሊሰርዝ፣ እንደገና ሊጀምር የተፈቀደለት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ያ ባዶ ወረቀት ነው። ይህን ቦታ ሳይጠቀምበት አስረክቦ የሚወጣ ሰው የተሰጠውን መብት ሳይሠራበት የመለሰ ነው። ስለዚህ ለፈተና የምትዘጋጁ አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ከዛሬ ጀምራችሁ ወረቀታችሁን ክፈሉ፤ ቍጥር ስጡት፤ ሳታፍሩ ጻፉበት፤ ሳታፍሩም ሰርዙበት። የተሰረዘው በወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ወደ መልሱ የሚሻገረው የታረመው ብቻ ነው።